ዘጠና አራትን ያየ

ሎሪመር ካውንቲ
እሑድ፣ ጁን 9፣ ከምሳ በኋላ

ውዷ ልጄ ማርላ፣

እባክሽ አትቅደጂው። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፌን ስታዪ ምን እንደምትዪ አውቃለሁ፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር። እስከ መጨረሻው አንብቢውና ከዚያ ከፈለግሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣዪው። ባለፈው ማክሰኞ ስደውል ስልኩን አንስተሽ ዝም አልሽ። ትንፋሽሽን ሰምቻለሁ። ከኋላሽ ሕፃኗ ስትነጫነጭም ሰምቻለሁ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። አልተቀየምኩም። በስልክ ያቃተኝን በወረቀት እችል እንደሆን ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ደህንነታችንን ከጠየቅሽ፣ ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል መናገሩን አልተወም። የአባትሽ ደም ግፊት ከፍ ብሏል፤ ሐኪም የከለከለውን ቤከን ግን እኔ ዞር ስል ይጠብሳል። በቆሎው ከቁርጭምጭሚት አልፏል። አባትሽ አሁን ጎተራው ጋ የትራክተሩን ዘይት እየቀየረ ነው፤ ሳይመለስ ልጨርሰው ስለምፈልግ ጽሑፌ ቢወላገድ ይቅር በይኝ።

የክርስትናውን ቀን ከእኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂም። ኢሲድሮ የነገረሽን ታውቂያለሽ፤ ኢሲድሮ ደግሞ አይዋሽም፣ ይህን አሁን አውቄያለሁ። ግን እኔ መኪናው ውስጥ የነበርኩት ምን እንዳየሁ ልንገርሽ።

ጎህ ሲቀድ ነው የተነሳሁት። ኋላ ወንበር ላይ የጋገርኩትን አራት ደርዘን ኮላቼ ጭኛለሁ፤ ግማሹ በፖፒ ዘር፣ ግማሹ በአፕሪኮት፣ አያትሽ ትሠራው እንደነበረው ቂቤው እስኪንጠባጠብ። ስድስት ሰዓት ነድቼ መንገዳችሁ ላይ ስታጠፍ በራችሁ ላይ ፊኛ ተንጠልጥሏል። ሞተሩን ሳላጠፋ ኢሲድሮ እየሮጠ መጣ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፊቱ ላብ በላብ ነው። ሊቀበለኝ የመጣ መስሎኝ መስኮቱን አወረድኩ።

«እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ አርዲስ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው።»

«ምን ሆነሃል? ሕፃኗ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። መኪናዋን… ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንድ ጋራዥ አለ፣ እዚያ ባስገባት? እርስዎ ይግቡ፣ እኔ እወስዳታለሁ።»

«ለምን? እዚህ ቦታ ሞልቶ!»

ወደ መኪናዬ ግንባር አየና ዓይኑን ሰበረ። «አክስቴ በመስኮት ታርጋውን አይታ መኝታ ቤት ገብታ ቆልፋለች። ሁለት ቤተሰብ በጓሮ በር እየወጡ ነው። ቁጥሩን በቴሌቪዥን አይተውታል።»

«እኔን ነው የፈሩት? እኔን? የስድሳ ዘጠኝ ዓመት አሮጊት?»

«እርስዎን አይደለም። ቁጥሩን ነው።»

ማርላ፣ ክው አልኩ። በካውንቲው ቢሮ መስኮት ተቀምጬ ታርጋ ስሰጥ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። በግዛታችን የመጀመሪያው ቁጥር ካውንቲውን እንደሚናገር ለስንት ጎረምሳ አስረድቻለሁ፤ ዘጠና አራት እኛ ነን፣ በዚህ አታፍር እያልኩ። ድሮ መንገድ ላይ ዘጠና አራትን ያየ ሾፌር ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ አድርጎ ሰላም ይለን ነበር፤ አንቺም መንጃ ፈቃድ ያወጣሽ ሰሞን ለሁሉም ጣት እያነሳሽ ታስቂኝ ነበር። አሁን ያ ቁጥር ልጅ አቅፎ በጓሮ በር የሚያስወጣ ሆነ? ንዴቱ ከእግር ጥፍሬ ተነሳ። «መኪናዬን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ልደብቅልህ?» አልኩት። «ወይዘሮ አርዲስ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ» አለኝ። «ለማርላ ንገራት፤ እናትሽ ታርጋዋን ይዛ ሄዳለች በላት» አልኩና ማርሽ አስገባሁ።

ሕፃኗን በነጭ ልብስ አቅፈሽ በሩ ላይ ስትቆሚ በመስታወት አየሁሽ። እጅሽን አነሳሽ። አየሁሽ፣ ግን አልቆምኩም። እንዳላየሁሽ እንድታምኚ ስልክ ላይ ዋሽቼሽ ነበር፤ ይኸው አሁን ነገርኩሽ።

ግማሽ መንገድ ላይ ነዳጅ ልቀዳ ቆምኩ። ባለ ማደያው ታርጋዬን አየና በሩን በርግዶ ወጣ። «ዘጠና አራት! እናንተን ለማየት ስንመኝ ነበር እኮ!» ብሎ አቀፈኝ። ክፍያም እምቢ አለ። «ያን ቃል የተናገረው ሰውዬ ምን ዓይነት ወንድ ነው! ያውቁታል?» «በመጠኑ» አልኩት። አርባ አራት ዓመት አብሬው ተኝቼ። ያ ሰውዬ ሲያቅፈኝ የተሰማኝን አስጸያፊ ስሜት ኢሲድሮ መኪናሽን ደብቂ ሲለኝ አልተሰማኝም። ሕፃናት የሚሸሹን፣ እንዲህ ያለው ሰው የሚያቅፈን ሰዎች መቼ ሆንን ብዬ እስከ ቤት አለቀስኩ። ኮላቼውን አባትሽ ሳምንት ሙሉ በላው።

ከአሥር ቀን በኋላ የሕፃኗ የክርስትና ካርድ በፖስታ መጣ። ሉሲያ ብቻ መስሎኝ ነበር ስሟ። ላስደንቃት ብለሽ ደብቀሽኝ ኖሯል። ‘አርዲስ ሉሲያ’ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ በኢሲድሮ እጅ፣ ‘ወንበርዎ ባዶውን ዋለ።’ ሌላ ነገር የለበትም። ስድብ ቢጽፍልኝ ይሻለኝ ነበር። ካርዱን ከቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከቦሎው ጥቅል ሥር አኖርኩት። ለአባትሽ አላሳየሁትም።

እሱማ በዚያ ሰሞን በደስታ ሰክሯል። ጃንዋሪ ላይ በካውንቲው ኮሚሽነሮች ቦርድ ስብሰባ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሰው ያከራየ፣ የቀጠረ፣ ያሳደረ ሁሉ ይጠየቃል ብሎ ሲያበቃ የጨመራት ያቺ አረፍተ ነገር በአገሩ ሁሉ ዞረች፤ «ዘጠና አራትን ያየ፣ መንገዱን ይቀይር።» አንድ ሰው ኮፍያ ላይ አሳተማት። አባትሽ ቁርስ ላይ ሳይቀር ኮፍያዋን አያወልቅም። «ማንም የማያውቀን ካውንቲ ነበርን፤ አሁን ያውቁናል!» ይለኛል። «አወቁን እኮ ዴልበርት! ለክሊኒኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ያፈላለግናት ዶክተር ልትፈርም ሁለት ቀን ሲቀራት ስማችንን ሰምታ ይቅርብኝ አለች» ስለው «ሌላ ይመጣል» ብሎ ቡናውን ፉት ይላል። መጥፎ ሰው አይደለም አባትሽ። በበረዶ የሰው በር ሲጠርግ ነው የኖረው። ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያላጨበጨበለት ሰው አንዴ ከተጨበጨበለት፣ ምን ልበልሽ፣ ጆሮው ሌላ ነገር አይሰማም።

ሜይ ውስጥ ደግሞ ኦክታቪዮ መጣ፤ የከብት ማድለቢያው ኃላፊ፣ መንዳት ስትለማመጂ ከበረዶ ውስጥ በትራክተር የጎተተሽ። በመስኮቴ ሁለት ታርጋ አስገባልኝ። አጥቦ፣ አድርቆ ነው ያመጣቸው።

«ልመልስ ነው» አለኝ።

«የት ልትሄድ?»

«ከድልድዩ ማዶ። አሥራ ሁለት ማይል ናት፤ ግን ከካውንቲው መስመር ወዲያ ናት።»

«ወረቀትህ ሙሉ አይደል እንዴ? ዜግነት የወሰድክ ዕለት ኬክ ያመጣሁልህ እኔ አይደለሁ?»

«ወረቀትስ ሙሉ ነው ወይዘሮ አርዲስ። እዚህ ፊቴን ያዩና ‘ወረቀትህን አምጣ’ ይሉኛል። ልጄን ኳስ ሊጫወት ከተማ ስወስደው ደግሞ የራሴ ሰዎች ታርጋዬን ያዩና ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ ይጠራሉ። ከየትም ወገን አልሆንኩም። ፊቴን መንቀል አልችልም፤ ታርጋዬን ግን እችላለሁ።»

ማኅተሙን አንስቼ መታሁለት። «እባክዎ ኮሚሽነሩን ሰላም ይበሉልኝ» ብሎኝ ወጣ። በምፀት እንዳይመስልሽ፤ ከልቡ ነው። እሱ እንደወጣ ኢሲድሮ በላብ ተጠምቆ መስኮቴ ላይ ጎንበስ ያለው ትዝ አለኝ። ያን ቀን እኔን ሊያሳፍር አልነበረም። እኔ ሳልዋረድ እንግዶቹም ሳይሸሹ ክርስትናው እንዲያልፍ በአንድ ጋራዥ ሊያስታርቀን ነበር። እኔ ግን በኩራቴ ጥዬው ሄድኩ።

አሁን የፈራሁት ቦታ ደረስኩ። ልጄ፣ ያቺ አረፍተ ነገር የአባትሽ አይደለችም። የእኔ ናት።

ንግግሮቹን እንደማርምለት ታውቂያለሽ። ያን ቀን ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ሲለማመድ እኔ መጥበሻ እየፈገፈግኩ ነበር። «አንቺ፣ መጨረሻው ላይ አጭር ነገር ስጪኝ» አለኝ፤ «ሰው ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ የሚወስደው።» ዞር ብዬ እንኳ ሳላየው «ዘጠና አራትን ያየ መንገዱን ይቀይር በላቸው» አልኩት። ግንባሬን ስሞኝ ወጣ። ስለ ድንበር አስቤ አልነበረም፤ ድንበሩን አይቼውም አላውቅ። ያሰብኩት የገናን ጠረጴዛ ነው። ሁለት ሳህን አቅርቤ፣ ሁለት ሳህን እንዳለ አነሳሁ። ከኢሲድሮ እናት ዘንድ ነው የምንውለው ብለሽ ስትደውዪ «ደግ አደረጋችሁ» አልኩሽ፤ ሆዴ ግን ያ ሰውዬ ልጄን ወሰደብኝ ብሎ ቂም ቋጥሮ ነበር። ነፍሰ ጡር እንደሆንሽና ሐኪም መንገድ እንደከለከለሽ እያወቅኩ! የአንድን ሰው ቅናት አውጥቼ ለአንድ ካውንቲ ሕዝብ አለበስኩት። ሰው ሲጠይቀኝ ደግሞ «ዴልበርት ነው» እያልኩ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ስለክክ አምስት ወር ኖርኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉት ይኸው ነው።

ባለፈው ሐሙስ ቦርዱ ያቺን አረፍተ ነገር በአራቱም አውራ መንገዶች መግቢያ ላይ ለማቆም ስብሰባ ጠራ። ‘እንኳን ወደ ሎሪመር በደህና መጡ’ የሚለው ይነሳና እሷ ትቆማለች ማለት ነው። ልናገር ስሜን አስመዘገብኩ። ለአባትሽ አልነገርኩትም። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ግማሹ ኮፍያውን አድርጓል። የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ተነስታ ስለ ዶክተሯ ስትናገር ከኋላ አንዱ «ዶክተር ሞልቷል!» ብሎ ጮኸ።

«የት ነው የሞላው?» አለችው ሞቴል ያላት ሴትዮ። «አንተ ራስህ ኪንታሮትህን ለማሳየት ሁለት ሰዓት ነድተህ አይደል የሄድከው!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለአፍታ የድሮዎቹ ሰዎች የሆንን መሰለኝና ልቤ ደፈረ።

ተራዬ ደረሰ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው። አባትሽ ሊቀ መንበር ስለሆነ ሥርዓቱን ለሚስቱም ቢሆን መጠየቅ አለበት። ፊቱ ላይ ድንጋጤ አየሁ።

«ስምሽንና አድራሻሽን፣ ለመዝገቡ።»

«አርዲስ ኖቮትኒ። አድራሻዬ ያንተው ነው።»

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ማይክሮፎኑን ጨበጥኩ። «የምታቆሟት አረፍተ ነገር የዴልበርት አይደለችም» አልኩ። «እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ በገዛ አፌ።»

እዚህ ላይ ትንፋሽ ወሰድኩ። ቀጥሎ የምለውን ሌሊቱን በሙሉ አጥንቼዋለሁ፤ የፈጠርኳት እኔ ስለሆንኩ የመሻርም መብት አለኝ፣ ያልኳት በቂም ነው፣ አትስቀሉብን፣ አለቀ። ግን ትንፋሽ ወሰድኩ። በዚያች ትንፋሽ መሐል አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። «እናታችን!» አለ አንዱ። «አይ አርዲስ! ለካ አንቺ ነሽ!» አለኝ ሌላው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቦሎ የሰጠሁት ሰውዬ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «አይደለም፣ ስሙኝ፣ እሽራታለሁ!» አልኩ። ማን ይሰማል! «ከሥሯ ስሟ ይጻፍላት!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። አባትሽ መዶሻውን መታ፤ ሦስቱም የቦርዱ አባላት እጃቸውን አወጡና ጸደቀ። ጸሐፊዋ መዝገቡ ላይ የጻፈችውን ዓርብ ሄጄ አነበብኩት፤ ‘ወይዘሮ ኖቮትኒ ደግፈው ተናገሩ’ ይላል።

መጀመሪያ ያጨበጨበውን ታውቂያለሽ? አባትሽ ነው። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።

ቤት ስንገባ ኮፍያውን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። «ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለኝ ገና ሳልጠይቀው። «ልትዋረጂ ነበር። ልትክጂኝ ነበር በሕዝብ ፊት። አዳንኩሽ አርዲስ።»

«ምን ልል እንደነበር ታውቅ ነበር?»

«አርባ አራት ዓመት አብሬሽ ኖሬ?»

«እና አውቀህ ነው ያጨበጨብከው።»

ኮፍያውን አስተካከለና «ስምሽ አራት መንገድ ላይ ይቆማል። ስንቱ ሰው ያገኘዋል ይህን?» አለኝ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሽልማት የሰጠኝ መስሎት ነው። ያኔ ለስብሰባው ከመሳቢያዬ ይዤው የወጣሁትን ካርድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ አኖርኩለት። መነጽሩን ፈለገ፣ አነበበ። «አርዲስ» አለ። ደግሞ «ሉሲያ» አለ። በአውራ ጣቱ ስሙን ዳሰሰው። ከዚያ ግን «ኦገስት ላይ ነው የሚቆመው፤ ስብሰባው አጽድቆታል፣ እኔ ብቻዬን መንቀል አልችልም» ብሎ ተነስቶ ወደ ጎተራው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጎተራው ውስጥ ሥራ አያልቅበትም።

ልጄ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። ያቺ ልጅ አንድ ቀን ፊደል ትቆጥራለች። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የመንገዱን ሁሉ ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፤ አንቺም እንዲያ ነበርሽ፣ የማዳበሪያ ማስታወቂያ ሳይቀርሽ። ስሟን እዚያ ላይ፣ አባቷን ተመለስ ከሚል ቃል ሥር ታነበዋለች። በእኔ ስም ጠራሻት፤ እኔ ደግሞ ስሙን ምን ላይ አዋልኩት!

ዓርብ ዕለት ጸሐፊዋን ‘ደግፈው’ የሚለውን ሰርዢልኝ አልኳት። ልጅቷ ደንግጣ «ወይዘሮ አርዲስ፣ እኔ መሰረዝ አልችልም። መዝገብ የሚታረመው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ለጁላይ አሥራ አንድ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ሦስት ደቂቃ አለኝ። በዚያን ጊዜ ትንፋሽ አልወስድም። ይጮኹብኝ ይሆናል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሳቁልኝ ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩብኝ ይሆናል። አልዋሽሽም፣ እፈራለሁ።

ከጸሐፊዋ ወጥቼ ወደ መስኮቴ ሄድኩና ጡረታዬን ፈረምኩ። የመሳቢያውን ቁልፍ አስረከብኩ። ከዚያ መኪና ማቆሚያው ላይ በአባትሽ መፍቻ የመኪናዬን ታርጋ ፈታሁት፤ ብሎኑ ዝጎ ጣቴን ላጠኝ። እንደ ኦክታቪዮ አጥቤ፣ አድርቄ በገዛ መስኮቴ አስገባሁት። ተተኪዋ «አዲስ ቁጥር ልስጥዎት?» አለችኝ። «አይ፣ ለጊዜው በእግሬ ነኝ» አልኳት። መኪናዋን ባለ ጋራዡ ጎትቶ ቤት አደረሰልኝ።

ስለዚህ በአውቶቡስ ነው የምመጣው። ዓርብ ጁን 14፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ኦማሃ ይደርሳል። ይህ ደብዳቤ ረቡዕ እጅሽ ይገባል ብዬ አስቤያለሁ። መምጣቴን ካልፈለግሽ ወደ ጣቢያው አትምጪ፤ አልቀየምሽም፣ ጣቢያው አጠገብ የማድርበት ፈልጌ ጠዋት ሌላ ነገር አስባለሁ። ከመጣሽ ግን ብቻሽን አትምጪ፤ ኢሲድሮም ይምጣ። የምለውን እሱ ፊት ነው የምለው። ስለ ገና ጠረጴዛው የጻፍኩትን ቀድመሽ አንብቢለት፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰማው አልፈልግም። አክስቱን ደግሞ ያቺ አሮጊት ያለ ቁጥር መጥታለች በይልኝ፤ ከፈቀደችም በሯን አንኳኩቼ ራሴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ኮላቼ ይዣለሁ። ሻንጣዬ ትልቁ ነው፣ ያ ቡኒው፤ ክብደቱ ስለሚያስቸግር ኢሲድሮ ቢያግዘኝ ደስ ይለኛል። የክረምት ካፖርቴን ለምን እንደከተትኩት አትጠይቂኝ፤ ኦማሃ ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። የአባትሽን መድኃኒት በየቀኑ ከፋፍዬ ሣጥኑ ውስጥ አድርጌለታለሁ። ወፍራሙ ካልሲው የት እንዳለም ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌለታለሁ።

ትኬቱን ስገዛ ልጁ ስምና አድራሻ ጠየቀኝ። ስሜን ነገርኩት። አድራሻው ላይ ዝም አልኩ፤ ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። በመጨረሻ የናንተን ሰጠሁት። ለጊዜው ነው፣ አትቆጪኝ።

የጎተራው በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ እየመጣ ነው። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ፣ ከደጃችሁ የሚሸሽ ሰው አያድርግባችሁ። ልጅቷን በእኔ ፋንታ ከአንገቷ ሥር፣ የሕፃን ሽታ ካለበት ቦታ ሳሚልኝ። ለእሷ ስሟ አዲስ ነው፤ ምንም አላጠፋችበትም።

እናትሽ፣
ትልቋ አርዲስ